የክቡር ኢንጂነር ባለ አንድ መቀመጫ

የትም አገር ሂዱ፣ በየሰፈሩ አንድ ዕቃ የሚፈታ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አለ፤ አሁን ፊቱ ድቅን አለባችሁ። እኔና እናንተ ዕቃ የምንፈታው ሲበላሽብን ነው። እሱ የሚፈታው ደህና ስለሆነ ነው። የሚሠራ ነገር ዝም ብሎ ሲሠራ ማየት አይችልም፤ እጁን ይበላዋል። ማራገቢያው እየዞረ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ ሁላችንም በሰላም መኖር ስንችል፣ እሱ ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ ይመዝና "እስቲ ውስጡን እንየው" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የእኛ ሰፈር ፈቺ በግንብ የሚዋሰነኝ ጎረቤቴ ነው። ክቡር ኢንጂነር ነው የምንለው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን፤ ዩኒቨርሲቲ እጁ የለበትም። በሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነው። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ የላይኛውን መንጋጋ ከታችኛው ሲያገጣጥም ይውላል። በዚህ ሥራው ማንም አያማውም፣ እኔም ጭምር። እሱ የሠራው ጥርስ ለውዝ ይሰብራል። ጣጣው የሚመጣው ጋውኑን ሲያወልቅ ነው።

ክቡርነታቸው አንድ የማይናወጥ እምነት አላቸው። ፋብሪካ የሚባል ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ብሎን ይጠቀማል ብለው ያምናሉ። አንድ ዕቃ ፈትተው ሲገጥሙ ከአራት እስከ ስድስት ብሎን ሳይተርፋቸው ቀርቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሳቸው ፈገግ ብለው ብሎኑን ወደ ብርሃን ያነሱትና "ትርፍ ነው" ይላሉ፤ "ፋብሪካው ፈርቶ የጨመረው ነው።" ከዚያም መደርደሪያ ላይ ወዳለው ትልቅ የመርማላታ ጠርሙስ ይጨምሩታል። ጠርሙሱ ሞልቶ ሁለተኛ ተጀምሯል።

እዚያ ጠርሙስ ውስጥ የእኔም ቤት አለ። የጠረጴዛ ማራገቢያዬ ሦስት ብሎን ተቀንሶለት ከተመለሰ ወዲህ እየነፈሰ ይራመዳል፤ ከጠረጴዛው ጫፍ እንዳይወድቅ በገመድ አስሬዋለሁ። የቤቴ በር ቁልፍ ደግሞ "ትንሽ ዘይት ቢያገኝ" ተብሎ ወጥቶ አምስት ቀን አደረ። አምስቱን ቀን በሩን በወንበር ደግፌ ተኛሁ። ሲመለስ ያለምንም ድምፅ ይከፈታል፤ ምስጋና ይግባው። የሚከፈተው ግን በማንኛውም ቁልፍ ነው።

ከክቡር ኢንጂነር እጅ ያመለጠ አንድ ዕቃ ብቻ አለ፤ የባለቤቱ የስፌት መኪና። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ድሮ፣ ገና በተጋቡ ሰሞን፣ መኪናዋ ላይ ሲያጎነብስ አገኘችው ይባላል። ምንም አልተቆጣችም። ትልቁን መቀሷን አንስታ "በል የምትፈታውን ፍታ፣ እኔም የምቆርጠውን አውቃለሁ" አለችው። እስከ ዛሬ አጠገቡ ሲያልፍ እጁን ኪሱ ይከታል።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ስህተት እለቅማለሁ። ማተሚያ ቤቱ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ስለሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በክቡር ኢንጂነር አሮጌ ሞተር ሳይክል ኋላ ተቀምጬ ሥራ ገብቻለሁ፤ በዚያው ተመልሻለሁ። ምቾት ነበረው እንዳትሉኝ። ክቡርነታቸው ሲነዱ ያስተምራሉ። ንብ ቀፎዋን ለምን ባለ ስድስት ማዕዘን እንደምታደርግ፣ የመርከብ ሞተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ አንገታቸውን እያዞሩ ያብራራሉ። ግማሹን ነፋስ ስለሚወስደው የእኔ ዕውቀት ሁሉ ግማሽ ነው። ንቧ ቤቷን እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ምክንያቷን አላውቅም።

መብራት ላይ ስንቆም ደግሞ ይብሳል። "ያቺን ሴትዮ አየሃት? ላይኛው ጥርሷ የእኔ ነው" ይለኛል በጣቱ እየጠቆመ። አንድ ጊዜ ከጎናችን የቆመ መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ አይቶ መስታወቱን አንኳኩቶ "አባባ፣ እስቲ አንዴ ሳቅ ይበሉልኝ!" አላቸው። ሰውዬው ደንግጠው ሳቁ። ክቡርነታቸው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስገብተው ካዩ በኋላ "ይቅርታ፣ የራስዎ ናቸው" ብለው ነዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። በየቀኑ አማርሬበታለሁ። በየጠዋቱም ሄልሜቴን አጥልቄ ደጃፌ ላይ ጠብቄዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ይዞ መጣ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

"ቦበር ይባላል" አለኝ። "ምን መሰለህ ወንድምዓለም፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ትወስድና የማያስፈልገውን ሁሉ ታወልቅለታለህ። የፊቱ ፓራፋንጎ፣ ትርፍ ነው። የኋላው፣ ግማሹ ትርፍ ነው። የዕቃ መጫኛው፣ የጎን ሽፋኑ፣ ያ ሁሉ ኮተት ይወርዳል። ቀንሰህ ቀንሰህ የሚቀረው ነው ቦበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩትን ዓለም አሁን ነው የደረሰበት።"

ፎቶውን ተቀበልኩት። ያምራል፤ አልዋሽም። ዝቅ ብሎ መሬት ላይ የተኛ፣ ጎማው ወፍራም፣ ታንኩ እንደ እንባ ጠብታ ሾል ያለ ነው። ከዚያ መቀመጫውን ቆጠርኩ። አንድ ነው።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንተ ምን?"

"የት ልቀመጥ ነው?"

ክቡር ኢንጂነር ፎቶውን ከእጄ ወስዶ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዳላሰበው ከፊቱ አነበብኩ። ስህተት ማንበብ ሥራዬ ነው።

"ባለ ሁለት ከሆነ እኮ ቦበር አይሆንም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞኝ ከኖረ በኋላ ትርፍ መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እኔም ኩሩ ሰው ነኝና "ምን ችግር አለ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ" አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ሄልሜቴን ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ልብስ ሥር ቀበርኩት። ለማን ይነገራል? አንድ ጎልማሳ ሰው "ጎረቤቴ ከኋላው አውርዶኝ ነው ያኮረፍኩት" ብሎ ለማን ያወራል?

ማኩረፍ ራሱ አልሆነልኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ረዳት አስፈለገውና ጠራኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ሥራው የሚካሄደው ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ሞተር ሳይክሉ በመሀል በሁለት ሣጥን ላይ ተሰቅሏል። የተፈታው ብሎን ሁሉ የጥርስ ሞዴል በሚቀመጥባቸው ትናንሽ ትሪዎች ተደርድሯል። በየትሪው ላይ በታካሚ ካርድ ስም ተጽፎበታል፦ "የላይኛው ግራ፣ ሁለተኛ"፤ "የታችኛው ቀኝ፣ መንጋጋ"። አንድ ዳዶ አቀብለኝ ሲለኝ የትኛው ጥርስ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሰው ሙያው ከደሙ አይወጣም። ክቡርነታቸው ብረቱን ሞርሳ ላይ ሲያስሩ "ንከስ… ቀስ ብለህ… አሁን ልቀቅ" ይሉታል ሞርሳውን። ሰንሰለቱ ሽፋኑን ይነካ እንደሆነ የሚያጣሩት የጥርስ ሐኪም ንክሻ በሚለካበት ሰማያዊ ወረቀት ነው። ወረቀቱን አስገብተው ጎማውን ያዞሩና፣ ሰማያዊ የታተመበትን ቦታ በመርማሪ ዓይን አይተው፣ በፀጉር ስፋት ይሞርዱታል። ሌላው ሰው ሞተር ሳይክል በመዶሻ ሲያቃና፣ እሱ ግን አፍ ውስጥ የገባ ይመስል በጥርስ ሐኪም መስታወት ነበር የሚያየው።

በዚህ ጥንቃቄ መሀል የደረሰው ጥፋት እማማን ነካ። እማማ አማቱ ናቸው፤ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ጥርሳቸውን ላይና ታች የሠራላቸው እሱ ነው። ማታ ማታ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያሳድሩታል። ክቡር ኢንጂነር ደግሞ የካርቡራተሩን ትናንሽ የነሐስ ቱቦዎች በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድራል። አንድ ጠዋት እማማ ጥርሳቸውን ሊያደርጉ እጃቸውን ቢሰዱ የነሐስ ቱቦ ያዙ። ጥርሳቸው ሲፈለግ "ካርቡራተር፣ የታችኛው" የሚል ካርድ ያለበት ትሪ ላይ በቤንዚን ታጥቦ፣ በብሩሽ ተፈትጎ፣ ሲያብረቀርቅ ተገኘ። እጁ ለምዶበት፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ከቱቦዎቹ ጋር አንድ ላይ ያጠበው ራሱ ነው።

"አንተ ልጅ" አሉት እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ "ጥርሴን ከሞተርህ ጋር ደባለቅከው? እንግዲህ አሁን ስበላ ጢስ ላወጣልህ ነው?"

በሳምንቱ አዲስ ሠርቶላቸው ካሰ። አሮጌውን ግን እማማ አልጣሉትም። እንግዳ ሲመጣ ያወጡና "አሽትተው" ይሉታል።

እኔን የነካኝ ቀን የሻንሲው ቆረጣ ቀን ነበር። ቦበር እንዲሆን የሻንሲው ጭራ ተቆርጦ ማጠር አለበት። ጭራው ማለት እኔ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ነው። በነጭ ጠመኔ አሰመረበትና "እዚህ ጋ አጥብቀህ ያዝልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። ልብ በሉ፤ የራሴን ቦታ በገዛ እጄ ይዤ አስቆረጥኩ። መጋዙ ሲጨርስ ቁራጩ ብረት እጄ ላይ ቀረ፤ ገና ሞቃት ነው።

"የት ላድርገው?" አልኩት።

ክቡር ኢንጂነር አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። አላለውም። "አስቀምጠው እስቲ" አለኝና ዞሮ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። እኔ መርማላታ ጠርሙስ ውስጥ እንደማይገባ አይቼ ሶፋው ሥር ገፋሁት።

ታዲያ ሞተር ሳይክሉ ተፈትቶ ሳለ ሥራ የምንሄደው በእግር ሆነ። አውቶቡሱ በዙሪያ ስለሚሄድ በእግር ይሻላል አለ ክቡርነታቸው፤ አርባ ደቂቃ ነው። በዳቦ ቤቱ በኩል አልፈን፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትለን፣ ድልድዩን ተሻግረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ሰሞን እግሬን እያልኩ አማረርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታወቀኝ። በእግር ስትሄድ ነፋስ ወሬ አይወስድም። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውየውን ወሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ንቧ ባለ ስድስት ማዕዘን የምትሠራው ሰም ለመቆጠብ ኖሯል! ይህን የመሰለ ነገር ነው ነፋስ ሲዘርፈኝ የኖረው።

ደግሞ ለካ ይጠይቃል። "አንተ ግን ሌላው ሰው የጻፈውን ስታርም ውለህ ለራስህ አትጽፍም?" አለኝ አንድ ቀን ድልድዩ ላይ። ይህን ጥያቄ ከየት አመጣኸው ስለው፣ "ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ እኮ፣ መልስ አትሰጠኝም እንጂ" አለኝ። ከሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ ሲጠይቀኝ ኖሯል። ያን ቀን መለስኩለት። ሥራ ቦታ የደረስነው አርፍደን ነው። እንግዲህ የሞተር ሳይክሉ ሥራ ሲያልቅ ምን እንደሚቀርብኝ የገባኝ ያኔ ነው። ሞተር ሳይክሉ ላይ የነበረኝን ግማሽ ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ አሁን ያገኘሁትን ሙሉውንም ነው የማጣው። በየቅዳሜው አንድ ብሎን በገጠመ ቁጥር ልቤ አንድ ጥርስ ዝቅ ይላል።

ክፋቱ ሥራው ማማሩ ነው። ታንኩ ጥቁር ተቀባ፤ ማርሚታው አጠረ፤ ቸርኬው ፊት እስኪያሳይ ተወለወለ። መቀመጫው ብቻ ቀረ። ክቡርነታቸው ደግሞ ተራ መቀመጫ አይሆንላቸውም። "ሰው ጥርስ ሲሠራለት አፉ ይለካል፤ መቀመጫ ሲሠራለት ለምን አይለካም?" አሉ። ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስመጡ፤ ከክሊኒኩ የጥርስ ሞዴል የሚሠራበትን ጀሶ በከረጢት አምጥተው እንደ ገንፎ በጠበጡ፤ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው በክብር ተቀመጡበት።

"አትንቀሳቀስ በሉኝ" አለን። "ሰባት ደቂቃ ነው። ሲጠና ትንሽ ይሞቃል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።"

በአራተኛው ደቂቃ ፊቱ ቀላ። በስድስተኛው "በእርግጥ ብዛቱ ከአንድ አፍ ይበልጣል" አለ ላቡን እየጠረገ። በሰባተኛው ሊነሳ ሞከረ፤ ሳፋው አብሮት ተነሳ። ጀሶ ከሞዴል እንዲለቅ ቅባት ይቀባል፤ ይህን በሃያ ዓመት አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። ጥርስ ላይ። ሱሪው ላይ ግን ትዝ አላለውም።

ክቡር ኢንጂነር ሳፋ ለብሰው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። እማማ ከሳቃቸው ብዛት አዲሱን ጥርሳቸውን በእጃቸው ያዙት። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው፤ ሄዳ ያን ትልቁን መቀስ ይዛ መጣች።

"ይኸው ቀኑ ደረሰ" አለችው ከኋላው እየተንበረከከች።

"ስፌቱን ተከትለሽ እባክሽ፣ ስፌቱን ተከትለሽ" ይላል እሱ ግድግዳውን ይዞ። "ቅርጹን እንዳትነኪብኝ! የጀሶ ሙቀት የሚመጣው ውኃው ከ…"

"ዝም በል፤ መቀሱ ስል ነው።"

ሱሪው ሳፋው ውስጥ ቀረ፤ ክቡርነታቸው በፎጣ ተጠቅልለው ወጡ። የሚገርመው ጀሶው ላይ የወጣው ቅርጽ እንከን አልነበረበትም፤ የኪሱ ቁልፍ እንኳ ታትሞበታል። በዚያ ቅርጽ ላይ መቀመጫውን ሠራ፤ ባለቤቱ ቆዳውን ሰፋችለት። እኔ እንደዚያ ቀን ሥቄ አላውቅም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ ሲያልቅ፣ አሁን የቀረው ሁለት ሞላ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ሞላዎቹ መቀመጫውን ከሥር የሚደግፉ ናቸው። ክሊኒኩ ከጣለው የታካሚ ወንበር የፈታናቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቡጢ ያክላሉ። እነሱ ሲገጠሙ መቀመጫው ይቀመጣል፤ መቀመጫው ሲቀመጥ ሞተር ሳይክሉ ያልቃል፤ ሞተር ሳይክሉ ሲያልቅ እኔ ለብቻዬ እሄዳለሁ። ይህን ሒሳብ ጨርሼ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ፣ ሁለቱንም ሞላ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። አዎ፣ ሰረቅኩ። እኔ ማተሚያ ቤት የወደቀች ነጠላ ሰረዝ እንኳ ለባለቤቷ የምመልስ ሰው፣ የጎረቤቴን ሞላ ሰርቄ የክረምት ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩ።

"ሞላዎቹን አየሃቸው?" አለኝ ሲመለስ።

"የትኞቹን?" አልኩት። ድምፄ ለራሴም አላማረኝ።

ሦስት ሳምንት ተፈለገ። ሶፋው ተነሳ፣ ትሪዎቹ ተገለበጡ፣ እማማ ተጠየቁ። "እኔ የማኝከው ልስልስ ያለውን ነው" አሉ። እኔም ከሁሉ በላይ በትጋት ፈለግኩ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጣራው ላይ ልወጣ ነበር። በነዚህ ሦስት ሳምንታት በየጠዋቱ አብረን ሄድን። ስለ ድልድይ ብረት፣ ስለ ሰው መንጋጋ፣ ስለ መጀመሪያው ሥራው አጫወተኝ። ከዚያ በላይ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያ በላይም ሌባ ሆኜ አላውቅም። በመጨረሻ ሕሊናዬ እንቅልፍ ነሳኝና፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱን ሞላ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" አልኩት። "ምክንያቱን አትጠይቀኝ።"

ክቡር ኢንጂነር ሞላዎቹን አየ። አልተደነቀም። መሳቢያውን ስቦ ሌሎች ሁለት ሞላዎች አወጣና ከጎናቸው አቆማቸው። ቁርጥ እነሱን ይመስላሉ።

"ወንበሩ አራት ሞላ ነበረው እኮ" አለኝ። "አንተው ነህ ፈትተህ ያቀበልከኝ።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትፈልግ ነበር?"

መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። "ቆዳው… አዲስ ቆዳ እኮ መተንፈስ አለበት። ወዲያው ከተጫነ…"

"ውሸቱን ነው" አለች ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል። "ከገጠምኩት ያልቃል፣ ካለቀ ያን ሰውዬ ምን አደርገዋለሁ እያለ ቤቱን ሲዞር ነው የከረመው። ሁለታችሁም አረጃችሁ፤ ዕፍረት የላችሁም።"

እኔም እሱም ሌላ የምናደርገው ስላልነበረ ሞላዎቹን አብረን ገጠምን።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ለሙከራ አወጣው። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጣ። ሞተሩ ገና ሲነሳ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ የመሰለ ወፍራም ድምፅ አወጣ። ክቡርነታቸው በልካቸው በተሠራው መቀመጫ ላይ ተሰክተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ መንገዱን ይዘው ወረዱ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከኋላው ማንም የሌለበት ጀርባ ግን ዓይኔ አልለመደውም፤ ቅስሜ ተሰበረ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ሰኞ ሆን ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ሲያልፈኝ ማየት አልፈለግኩም። ዳቦ ቤቱን አልፌ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስደርስ ያ ወፍራም ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አልዞርኩም። ድምፁ አጠገቤ ሲደርስ ቀነሰ። ክቡር ኢንጂነር በእኔ እርምጃ ልክ ከጎኔ ሊነዳ ይሞክራል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ሳይክል በሰው እርምጃ አይነዳም። ይንገዳገዳል፣ ይንቋቋል፣ ፍሪሲዮኑ ይጮሃል። ሁለት ጊዜ ጠፋበት፤ ሁለት ጊዜ አስነሳው። በሦስተኛው ሲጠፋ ዝም ብሎ ወረደ። እጀታውን ይዞ መግፋት ጀመረ።

"ምነው?" አልኩት። "ተበላሸ እንዴ?"

"ምን ይበላሻል!" አለ ቅር ብሎት። "አዲስ የተገጠመ ሞተር ጠዋት ጠዋት መጋል የለበትም። በባለሙያ ዘንድ የሚታወቅ ነገር ነው።"

"ስንት ቀን ነው የማይግለው?"

"እንደ ሁኔታው ነው" አለኝ ፊት ለፊቱን እያየ። "ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።"

ስምንት ወር የተለፋበት፣ በፀጉር ስፋት የተሞረደ፣ ፊት የሚያሳይ ሞተር ሳይክል፣ ሠሪው ራሱ እንደ በቅሎ እየሳበው ድልድዩን ስንሻገር ሰዎች ቆመው አዩን። አንዱ "ቤንዚን አለቀባችሁ?" ብሎ ጮኸ። ክቡርነታቸው እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡት። እኔ ይህን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሳማው ኖሬያለሁ፤ ወደፊትም አማዋለሁ። ግን እወደዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት፣ ይታረም የሚል ካለ ይምጣ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቆም ብሎ በአንድ ጣቱ ሞተር ሳይክሉን ገፋ አደረገው። በጎማው ተንሸራቶ አንድ እርምጃ ሄደ። ፊቱ በደስታ በራ።

"አየህ?" አለኝ። "ያን ሁሉ ስቀንስ ሞኝ መስዬህ ነበር። እስቲ አሁን እንዴት ቀልሎ እንደሚገፋ እየው!"

ሌላኛውን እጀታ ያዝኩለትና ዳገቱን ጀመርን። ጎማው ቀልሎ እንዲዞር ስለሚያደርጉት የኩሽኔታ ኳሶች ማብራራት ቀጠለ። ግማሹ ላይ አስቆምኩትና እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት።